ካርዱን ከመቀየራችሁ በፊት ሻንጣውን መዝኑ

ባለፈው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ደሴ ፒያሳ ካለው ሱቋ ደወለችልኝ። ልብስ ነው የምትሸጠው። በዓመት አራት ጊዜ ዱባይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ኢስታንቡል ትመላለሳለች። «ስማኝማ፣ ጓደኛዬ የኤምሬትስ አየር መንገድን የማይል ካርድ አውጪ፣ ማይሉ ቶሎ ይሞላል እያለች ትወተውተኛለች። የሼባ ማይልሱን ልተወው እንዴ?» አለችኝ። «ቆይ፣ አትቸኩዪ፤ የዘንድሮ ቲኬቶችሽን በሙሉ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ» አልኳት። ላከች። ማታ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ውጤቱ እሷንም እኔንም አስገረመን። ይሄው ጥያቄ፣ የአየር መንገድ ማይል ካርድ መቀየር ያዋጣል ወይ የሚለው፣ ከደሴም ከኮምቦልቻም ደጋግሞ ስለሚመጣልኝ፣ አንዴ በደንብ ልጻፈውና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ልላክ ብዬ ነው።

የማይል ፕሮግራም ደንበኛ እንዳይሸሽ የሚያዝ ደብተር ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1978 መንግሥት የበረራ ዋጋና መስመር መወሰኑን ሲተው፣ አየር መንገዶቹ መንገደኛ ይሻሙ ጀመር። በ1981 አሜሪካን ኤርላይንስ የሚለው ኩባንያ ከእኔ ጋር የበረራችሁትን ማይል እየቆጠርኩ አስቀምጥላችኋለሁ፣ ሲጠራቀም በነፃ ትበሩበታላችሁ ብሎ ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሼባ ማይልስም በዚሁ ሐሳብ የሚሠራ ነው። መመዝገብ ገንዘብ አይጠይቅም።

ብዙ ሰው የሚስተው፣ አየር መንገዱ የሚይዘው አንድ ደብተር ሳይሆን ሁለት መሆኑን ነው። አንደኛው ደብተር የምታወጡት ማይል የሚጻፍበት ነው። ትሰበስባላችሁ፣ ቲኬት ትቆርጡበታላችሁ፣ ይቀንሳል፤ ሳትጠቀሙበት ብዙ ከቆየ ደግሞ በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ይቃጠላል። ሁለተኛው ደብተር የደረጃ ነው። ሲልቨር፣ ጎልድ፣ ፕላቲነም የሚባለው ከዚህ ይመጣል። የደረጃው ቆጠራ የማይወጣ የማይመነዘር ነገር ነው፤ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ በ12 ወር፣ ካልሞላ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ «31 ሺህ ማይል አለኝ» የሚል ሰው ጎልድ ሊሆን ቀርቶ ሲልቨርም ላይሆን ይችላል፤ በአምስት ዓመት የተጠራቀመ ሊሆን ይችላላ። የአክስቴ ልጅ እንዲሁ ነበረች። 31 ሺህ ማይል፣ ግን ከመጀመሪያው ደረጃ ንቅንቅ አላለችም።

አሁን ስሌቱን ላሳያችሁ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአየር ቀጥታ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በማይል ወደ 160 ይመጣል። ከአዲስ አበባ ዱባይ ደግሞ ወደ 1,560 ማይል ነው። ደርሶ መልስ ሲሆን፣ የኮምቦልቻውን ጨምሮ፣ 3,440 ማይል። በአራት ጉዞ 13,760። ኢስታንቡል ከአዲስ አበባ ወደ 2,320 ማይል ስለሆነ እሱም ደርሶ መልስ ከነኮምቦልቻው 4,960 ይሆናል። ጠቅላላ የዓመት በረራዋ 18,720 ማይል ነው። በዓመት አምስት ጊዜ ከሀገር የሚወጣ ሰው፣ እኛ ሰፈር «አውሮፕላን ላይ ነው የምትኖረው» የሚባልለት ሰው፣ ይሄንን ነው የሚበረው።

የሚቆጠርላት ግን ይሄም ሙሉው አይደለም። ቲኬታችሁ ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል አለች፤ የዋጋ ክፍል ትባላለች። ኢኮኖሚ ማዕረግ ውስጥ አብረው የተቀመጡ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ረድፍ ላይ፣ አንድ ዓይነት ምግብ እየበሉ፣ ፊደላቸው ስለሚለያይ አንዱ ሙሉ ማይል ሌላው ግማሹን፣ አንዳንዴም ሩቡን ያገኛል። በአንዳንድ ፕሮግራም በጣም ርካሹ ፊደል ምንም አያስገኝም። ኤምሬትስም ቲኬቱን ስፔሻል፣ ሴቨር፣ ፍሌክስ፣ ፍሌክስ ፕላስ እያለ ከፋፍሎ ነው ማይል የሚሰጠው፤ የረከሰው ትንሽ፣ የተወደደው ብዙ። አሜሪካኖቹ ዴልታና ዩናይትድ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የሚወጣውን ማይል በርቀት መስጠት ትተው በከፈላችሁት ዶላር አድርገውታል። የአክስቴ ልጅ ነጋዴ ናት፤ ርካሹን ነው የምትቆርጠው። ግማሽ ግማሽ ብንይዝላት እንኳ 18,720 የነበረው 9,360 ይሆናል።

በኤምሬትስ ፕሮግራም ሲልቨር ለመሆን 25,000 የደረጃ ማይል ወይም 25 በረራ ይፈለጋል። ጎልድ 50,000 ነው። ጓደኛዋ ቶሎ ይሞላል ያለችው እንግዲህ ይሄንን ነው። በእሷ አበራረር፣ በእሷ ቲኬት፣ አይሞላም። ይህ የኤምሬትስ ጥፋት አይደለም። ሌላም ቦታ ብትሄድ በእነዚህ ጉዞዎች ብቻ ጎልድ አትሆንም።

ይሄን ስነግራት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ ለምንድነው የምለፋው?» አለችኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ይመስለኛል። ደረጃ ላይ የማይደርስ ሰው፣ ማለትም አብዛኛዎቻችን፣ ለካርድ ብሎ አንድ ብር እንኳ ጨምሮ ቲኬት መግዛት የለበትም። አየር መንገዱን በዋጋው፣ በሚፈቅደው ኪሎ፣ በትራንዚቱ ይምረጥ፤ ማይሉ በነፃ ተከትሎ ከመጣ ይሰብስብ።

ደረጃ የሚደርስ ሰው ግን አስተሳሰቡ ሌላ ነው። ለእሱ ዋናው ነገር የሚወጣው ማይል ሳይሆን ሁለተኛው ደብተር ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ሻንጣ ነው። እኛ ጋ ላውንጅ ውስጥ፣ ማለትም ባለ ደረጃ መንገደኛ በሚገባበት ልዩ ማረፊያ ክፍል፣ ሻይ መጠጣት የሚያጓጓው ሰው ብዙም አላየሁም። ትርፍ ኪሎ ግን! ቦሌ ሚዛን ላይ ሻንጣ ከፍቶ ጫማ ከአንዱ ወደ አንዱ ያላዛወረ ነጋዴ፣ ከጅዳ ወይም ከኩዌት ስትመለስ ለእናቷ ያመጣችውን ብርድ ልብስ መሬት ላይ ዘርግታ ያላለቀሰች እህት ያለችው ቤተሰብ ካለ ይንገረኝ። ስታር አሊያንስ በሚባለው የአየር መንገዶች ማኅበር ውስጥ ጎልድ የሆነ ሰው፣ ሻንጣ በኪሎ በሚቆጠርበት መስመር 20 ኪሎ፣ በቁጥር በሚታሰብበት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሻንጣ ያለ ክፍያ ይፈቀድለታል፤ በራሱ አየር መንገድ ብቻ ሳይሆን በማኅበሩ አባላት ሁሉ። ኤምሬትስ በራሱ በረራ፣ በኪሎ በሚቆጠርበት መስመር፣ ለሲልቨር 12፣ ለጎልድ 16፣ ለፕላቲነም 20 ኪሎ ይጨምራል። ሲልቨር በስታር አሊያንስ ደረጃ የሚያስገኘው ግን ትንሽ ነው፤ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ቅድሚያ ነው እንጂ ኪሎ አይደለም። የገዛ አየር መንገዳችሁ ከዚያ በላይ ሊጨምርላችሁ ይችላል፤ ማኅበሩ ግን በዚያ ያቆማል። ስለዚህ ደረጃው እስኪሞላለት ደጋግሞ የሚመላለስ ነጋዴ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ወጪ አውሮፓና አሜሪካ የሚመላለስ ሰው ከሆናችሁ፣ ስሌታችሁን በትርፍ ኪሎ ዋጋ ሥሩት። አንድ ጉዞ ላይ ለትርፍ ሻንጣ የምትከፍሉትን በጉዞው ቁጥር አባዙት። ካርዱ ለእናንተ የሚያወጣው ዋጋ ያ ነው።

ስታር አሊያንስን ካነሳሁ አይቀር፣ ሰው ሁሉ የሚያደናግረውን ላጥራው። አየር መንገድ መቀየርና ፕሮግራም መቀየር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስታር አሊያንስ የገባው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2011 ነው። ቱርክ፣ ሉፍታንዛ፣ ግብፅ አየር፣ ዩናይትድም እዚያው ናቸው። ኳታር ያለው ዋንወርልድ በሚባለው ነው፤ ሳዑዲያና ኬንያ ስካይቲም ውስጥ፤ ኤምሬትስ የትኛውም ውስጥ የለም። አንድ ማኅበር ውስጥ እስከሆኑ ድረስ፣ በቱርክ በርራችሁ ማይሉን ሼባ ማይልስ ላይ ማስቆጠር ትችላላችሁ። በኢትዮጵያ በርራችሁም ቱርክ ላይ። ምርጫው የእናንተ ነው። ሁለት ነገር ግን ያዙ። አንድ በረራ አንድ ደብተር ላይ ብቻ ነው የሚጻፍ፤ አንዴ ከተጻፈ ደግሞ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ማዛወር አይቻልም፤ ማኅበር አንድ ቢሆንም። ሌላው፣ አንዳንዱ ፕሮግራም ደረጃ ለመስጠት በራሱ አውሮፕላን የተወሰነ ጊዜ እንድትበሩ ያስገድዳል፤ ዩናይትድ ለምሳሌ ቢያንስ አራት በረራ በእኔው ይሁን ይላል። አሜሪካ ያለ ወንድማችሁ «የዩናይትዱን ያዙ፣ ማይሉ አይቃጠልም» ቢላችሁ እውነቱን ነው፣ ከ2019 ወዲህ አይቃጠልም፤ ከኮምቦልቻ ተነስቶ የዩናይትድ አውሮፕላን አራት ጊዜ የሚሳፈር ግን ማን አለ?

የአክስቴ ልጅ ስህተት እዚህ ላይ ተገኘ። ኢስታንቡል ስትሄድ በቱርክ ነበር የበረረችው። እዚያው ባንኮኒው ላይ «አባል ሁኚ» ሲሏት እሺ ብላ አዲስ ካርድ አወጣች። ማይሏ ለሁለት ተከፈለ። የሼባ ማይልስ ቁጥሯን ብትሰጥ ኖሮ አንድ ላይ ይሆን ነበር።

አሁን ስለ መንገዳችን ልናገር፤ ይሄን አዲስ አበባ ሆኖ የሚመክር ሰው አያስበውም። ከኮምቦልቻ የሚነሳው የመንገደኛ በረራ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፤ ባለ ሁለት ሞተሩ ኪው 400 አውሮፕላን። ኤምሬትስን፣ ኳታርን፣ ሳዑዲያን የምታገኙት ቦሌ ነው። እንግዲህ ዱባይን በኤምሬትስ ከቆረጣችሁ፣ የኮምቦልቻው ቲኬት ብዙ ጊዜ ለብቻው ይሆናል ማለት ነው። ለብቻው ሲሆን ምን ይመጣል? ከደሴ ቁልቁለቱን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ፣ ክረምት ነው እንበል፣ ደመናው ተራራው ላይ ተኝቶ አውሮፕላኑ ዘግይቷል ወይም ቀርቷል። ቦሌ ያለው ሌላኛው አየር መንገድ ስለ እናንተ የኮምቦልቻ በረራ የሚያውቀው ነገር የለም። ቼክ ኢን ይዘጋል፣ አውሮፕላኑ ይሄዳል፣ እናንተ «ያልመጣ መንገደኛ» ትባላላችሁ፤ ርካሽ ቲኬት ከሆነ ገንዘቡም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ከኮምቦልቻ እስከ ዱባይ በአንድ ቲኬት የተቆረጠ ከሆነ ግን ያመለጣችሁን በረራ በሚቀጥለው የመተካት ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። ሻንጣም እንዲሁ ነው። በአንድ ቲኬት ሲሆን ብዙውን ጊዜ የውጭው በረራ የሻንጣ ልክ ለኮምቦልቻውም ይሠራል፤ ለየብቻ ሲሆን ግን የሀገር ውስጡ ልክ ራሱን ችሎ ይታሰባል፤ ቦሌ ላይም ሻንጣችሁን ተቀብላችሁ እንደገና ማስረከብ አለባችሁ። አንዲት ሴት ልጅ ሦስት ሻንጣ ይዛ ከሀገር ውስጡ ወደ ውጭው ስትጎትት አስቡት።

ይሄን ሁሉ ለኤምሬትስ ክፉ ለመናገር አይደለም። አውቶቡስ ይዛችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ አዲስ አበባ የምትገቡ፣ ዘመድ ቤት የምታድሩ፣ ከዚያ የምትበሩ ከሆነ ይሄ ችግር አይመለከታችሁም፤ ያኔ ቦሌ ላይ ካሉት ሁሉ የሚረክሰውንና የሚመቸውን መምረጥ ትችላላችሁ። ወደ 400 ኪሎ ሜትር በመኪና መሄዱ የሚቻልበት ሰሞንና የማይቻልበት ሰሞን እንዳለ ግን እናንተም ታውቃላችሁ።

ታዲያ መቀየር የሚያዋጣው መቼ ነው? ኑሯችሁ ሲቀየር። ሪያድ ሥራ ያገኘ ሰው በሳዑዲያ ነው የሚመላለሰው፤ የእሱ ደብተር እዚያ ቢሆን ያምርበታል። መሥሪያ ቤታችሁ ቲኬት የሚቆርጥበትን አየር መንገድ ሲቀይር አብራችሁ ቀይሩ። ወይም ደግሞ ያላችሁበት ፕሮግራም ነፃ ቲኬት የሚጠይቀውን ማይል ሲያስወድድ፤ ያስወድዳሉ፣ ሁሉም፣ ያውም አስቀድመው ሳይናገሩ የሚያደርጉት አሉ። ስለዚህ ማይል የሚሰበሰብ እንጂ እንደ ወርቅ የሚቀመጥ ሀብት አይደለም።

ማይላችሁ ስንት እንደሚያወጣ ማወቅ ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ። የምትፈልጉት ቲኬት በገንዘብ 40,000 ብር ነው እንበል፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ነው። በማይል ሲቆረጥ 25,000 ማይልና 12,000 ብር ታክስና ክፍያ ተጠየቃችሁ። «ነፃ» የሚባለው ቲኬት ይሄ ታክስ አለበት፣ እወቁት። 40,000 ላይ 12,000 ቀንሱ፤ 28,000 ቀረ። ለ25,000 አካፍሉት፤ አንድ ማይል አንድ ብር ከ12 ሳንቲም አወጣላችሁ ማለት ነው። ይሄንኑ ልትገቡበት ባሰባችሁት ፕሮግራም ላይ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ቀን ሥሩት። ወንበር መኖሩንም እዩ፤ ዋጋው ረክሶ ለዒድ ወይም ለገና ሰሞን ወንበር የማይገኝበት ማይል ምን ያደርጋል?

ለመቀየር ከወሰናችሁ ደግሞ አሮጌውን ደብተር እንዲሁ አትተዉት። ለነፃ ቲኬት የሚበቃ ካለ ቁረጡበት፤ ብዙዎቹ ለቤተሰብ መቁረጥ ይፈቅዳሉ። ደረጃ ካላችሁ፣ ጊዜው ሳያልቅ አዲሱን አየር መንገድ «ስታተስ ማች» ትሰጣላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ሌላ ቦታ ያገኛችሁትን ጎልድ አይቶ ለተወሰነ ወር ተመሳሳዩን መስጠት ማለት ነው። ሁሉም አይሰጥም፤ የሚሰጠውም አንድ ጊዜ ነው ብላችሁ ያዙት። ስለዚህ ብዙ የምትበሩበት ወር ሲደርስ ጠይቁ። ደረጃው ሊሞላ ሁለት በረራ የቀረው ሰው ደግሞ መጀመሪያ ይሙላ፣ ከዚያ ይሂድ።

ስለ ስም አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ተቃጥዬበታለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቲኬት ቢሮ ቲኬት ሲቆርጥልኝ የአባቴን ስም ከፓስፖርቴ በአንድ ፊደል ለይቶ ጻፈው፣ የአባልነት ቁጥሬንም ሳያስገባ ቀረ። ቦርዲንግ ፓሱን፣ የመሳፈሪያ ወረቀቱን፣ ጥዬዋለሁ። የረጅም መንገድ ማይል ነበር፤ ስጠይቅ ስሙ አይገጥምም ተባልኩ፣ ማስረጃ አምጣ ተባልኩ፣ ቀረ። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ብዙ መልክ አለው። ሙሐመድ ብቻ ስንት ዓይነት አጻጻፍ አለው! የአባትና የአያት ስም የሚቀያየርበትም አለ። አባል ስትሆኑ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል ጻፉ። ቲኬት ስትቆርጡ ቁጥራችሁ መግባቱን እዚያው ቆማችሁ እዩ። ማይሉ ገብቶ እስክታዩት ድረስ ቦርዲንግ ፓሱንና 13 አሃዝ ያለውን የቲኬት ቁጥር ያዙ፤ የኢትዮጵያ በ071 ይጀምራል፣ የቱርክ በ235፣ የኤምሬትስ በ176። ሳይገባ ቢቀር የምትጠይቁት በዚያ ነው፤ የመጠየቂያ ጊዜው ደግሞ በወር የሚቆጠር ነው፣ አይጠብቃችሁም።

የአክስቴ ልጅ አልቀየረችም። የኢስታንቡሉን ለሚቀጥለው ጊዜ በቱርክም በኢትዮጵያም ብትበር የሼባ ማይልስ ቁጥሯን ልትሰጥ ተስማማን። የኤምሬትስን ካርድም አታውጪ አላልኳትም፤ በነፃ ነው፤ ዋጋው በእርግጥ ረክሶ ከተገኘና አዲስ አበባ ካደረች ትብረርበት፣ ማይሉም ይቀመጥላት። 31 ሺሁን ግን እንዲያው ይዛው አልቆየችም። አክስቴ አዲስ አበባ ዓይናቸውን ሊታዩ ቀጠሮ ነበራቸው፣ መኪናውን ደግሞ ወገባቸው አልቻለውም። ከኮምቦልቻ ደርሶ መልስ በማይሉ ተቆረጠላቸው። አውሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ስለሆነ የመስኮት ወንበር ይዘንላቸዋል።